የሐሙስ ክርክር በለቅሶ ድንኳን

«በለቅሶ ቤት ስብሰባ አይደረግም!» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደገብርኤል፣ ሁለቱን ወጣቶች በከዘራቸው እየለዩ። ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አየ። ጥግ ይዘው ካርታ የሚጫወቱት እንኳ ጨዋታቸውን አቆሙ።

ሁለቱ ቀነኒሳና ሙህሲን ናቸው። ከአርባ የሚበልጡ የኮሌጅ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ለመምህራቸው ለቡልቻ ሰልስት መጥተዋል። ሻዩ ሳይቀርብላቸው ሹክሹክታቸው ጭቅጭቅ ሆነ።

«ጋሼ፣ ስብሰባ አይደለም» አለ ሙህሲን አፍሮ። «ስለ ሐሙሱ ክርክር እየተነጋገርን ነው።»

«የኮሌጁ ዲን ክርክሩን ከዘጋብን ሁለት ሳምንት ሆነው» ቀጠለ ቀነኒሳ። «ዛሬም ሐሙስ ነው። እኔ ማንንም ሳንጠይቅ እንቀጥል እላለሁ፤ እሱ ማመልከቻ እንጻፍ ይላል።»

የሟቹ ልጅ ሌንሳ ጥቁር ለብሳ ከአክስቷ ከአደሴ ጎን ተቀምጣለች። ሐሙስ ሲባል ቀና ብላ አየቻቸው።

አባቷ ክርክሩን የጀመረው ከምርጫው ግርግር በኋላ፣ ተማሪው ጎራ ለይቶ ሰላምታ በተነፋፈገበት ሰሞን ነበር። ቦታው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፤ ሕጉ አንድ። የምትቃወመውን ሰው ሐሳብ መጀመሪያ አንተው ትናገርለታለህ፤ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይኸንኑ ነው» ካላለ መልስ የመስጠት ተራ የለህም። ቀላል ይመስላል፤ ሞክሩት እስቲ! ሙህሲን አንዴ የቀነኒሳን ሐሳብ አራት ጊዜ ስቶ በአምስተኛው ቢያገኘው፣ የሚቃወምበት ነገር ጠፍቶት ግቢው በሳቅ ፈርሷል። ሌንሳ ግን እዚያው እየተማረች አንድም ሐሙስ አልተገኘችም። ትፈራ ነበር።

የፈራችው አልቀረም። አንድ ተማሪ አስተዳደሩን መንቀፉ ዲኑ ጆሮ ደረሰ። የተናጋሪዎቹን ስም አምጣ ቢባል፣ ቡልቻ በወረቀት የራሱን ስም ብቻ ጽፎ ሰጠ። ይህን በምሳ ሰዓት ሲነግራት ሌንሳ ጮኸችበት።

«ቢያባርሩህስ? ቢያስሩህስ? እኔ ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?»

ቡልቻ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። «እሺ፣ ልድገመው። አንቺ የምትዪው...» ሲል ተነስታ ወጣች። ከዚያ በኋላ አኮረፈችው። ሰኞ ዕለት እያስተማረ ሳለ ደም ግፊት ጣለው፤ በዚያው አረፈ። አልታረቁም ነበር።

«ቡልቻን እወደው ነበር» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል። «ግን በእድራችን ላይ ነገር እንዳይመጣ። ለመሆኑ ፈቃድ አላችሁ?»

«ለለቅሶ ደግሞ ማን ፈቃድ ያወጣል?»

ተናጋሪዋ ሌንሳ ነበረች፤ ራሷም ደነገጠች። እውነቷን ነው፤ ሽማግሌው ስንት ዓመት ድንኳን ሲተክሉ ፈቃድ የጠየቃቸው የለም። ሰው ሲሞት ሰው ይሰበሰባል፤ አለቀ።

አደሴ ጎሸም አደረገቻት። «አንቺ አልነበርሽ እንዴ ተው ስትይው?»

«ነበርኩ» አለች ሌንሳ። «ጋሼ፣ ሐዘኑ የኔ ነው። ይከራከሩ። የሚጠይቅ ከመጣ ሌንሳ ፈቀደች በሉት።»

«እንግዲህ የሐዘኑ ባለቤት ካለች... ድምፅ ቀንሱ ብቻ» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል።

ማን ይቀንሳል! አግዳሚው ሁሉ ተጠጋጋ። ሙህሲን ጀመረ፦ «አንተ የምትለው፣ ለመናገር ፈቃድ ከለመንን መብትነቱ ቀርቶ ችሮታ ይሆናል ነው።»

«አዎ፣ ያልኩት ይኸንኑ ነው!»

«እኔ የምጽፈው ግን ልለምን አይደለም። ዲኑ እምቢ ካለም እምቢታውን ፈርሞ ይስጠን ነው!»

ሊያጨበጭብ የቃጣው ሁሉ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው እጁን ሰበሰበ። ቀነኒሳ ሁለት ጊዜ ሳተ፤ በሦስተኛው አገኘው። ካርታ ተጫዋቾቹ ካርታቸውን ጥለው ለሁለት ተከፈሉ። ድምፅ ቀንሱ ያሉት ሽማግሌ ከሁሉ በላይ ጮኹ፦ «ለእኔም ተራ ያዙልኝ! እድር በቃለ ጉባኤ ነው የሚሠራው፤ ልጁ እውነቱን ነው፣ ይጻፍ!»

ሌንሳን ደስ አላት። በአባቷ ሰልስት ደስ ስላላት አፈረች፤ ደስታው ግን አልለቅ አላት። ለካ ይኼን ነበር ተው ስትለው የኖረችው። እጇን አወጣች።

«ሌንሳ ቡልቻ!» ሲል ተጣራ ተራ ያዡ ቀነኒሳ።

«ጻፉም አትጻፉም እኔ እፈራለሁ» አለች ቆማ። «እናንተ ስለ መብት ትናገራላችሁ። ቤት ውስጥ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጠውን ማንም አይቆጥረውም። አባቴን የጮኽኩበት ለዚህ ነው።»

ሙህሲን ቀስ ብሎ ተነሳ።

«አንቺ የምትዪው» አለ፣ ቃላቱን እየመረጠ፣ «የተናገረው ሰው ብቻውን አይደለም ዋጋ የሚከፍለው፤ የሚወዱት ሰዎችም አብረው ይከፍላሉ። የጮኽሽበት ንግግሩን ጠልተሽ አይደለም። እሱን እንዳታጪ ነው።»

ሁሉም መልሷን ጠበቀ። ሌንሳ አዎ እንደ ማለት ራሷን ነቀነቀች። ደግማ ነቀነቀች። ከዚያ ማቆም አቃታት፤ አደሴ ተነስታ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ደግፋ እስክትይዝላት ድረስ ነቀነቀች።