የተነቀለው ችካል

ሙሐመድዘይን ወደ ሀብሩ ከተመለሰ ወር አልፎታል፤ የወንድሙን የሙስዐብን መቃብር ግን አልረገጠም። ጦርነቱ ሲገባ አዲስ አበባ ነበር፤ መንገድ ተዘግቶ ስልክ ጠፍቶ ስለነበር የሙስዐብን ሞት የሰማው ከተቀበረ በኋላ ነው። አላለቀሰም። ሲያረዱት «እሺ» ብቻ ነው ያለው። እናቱ «ሂድና ዱዓ አድርግለት እንጂ» ስትለው «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላታል። የሰው አፍ ደግሞ መቼ ያርፋል፤ «ልቡን ከተማ ጥሎት መጣ» ይሉታል። ልቡ የት እንዳለ የሚነግረው ቢያገኝ ለሱም ደግ ነበር።

ሥራ መብዛቱስ እውነት ነው። ጦርነቱ ያቋረጠው፣ ከመርሳ ወደ ገጠሩ የሚወጣው መንገድ እንደገና ተጀምሯል፤ ቀያሹ እሱ ነው። አንድ ጠዋት ጂፒኤሱን ተሸክሞ ኮረብታው ላይ ወጣ። ቤዝ የሚሉት መሣሪያ ቦታው በትክክል በታወቀ ችካል ላይ ካልቆመ፣ የቀረው ልኬት ሁሉ ይስታል። ችካሉን ከጦርነቱ በፊት በሲሚንቶ የተከለው ራሱ ነበር። አሁን ጉድጓዱ ብቻ አለ።

አለቃው ኢንጂነር ብርሃኑ በስልክ «ዶዘሩ ቆሟል እኮ! አንድ ነገር አድርግ» ብሎ ጮኸበት።

ቢቸግረው ከነመሣሪያው ወርዶ አባቱን ጠየቃቸው። አባቱ መሬት መሬት አዩና «ተከተለኝ» አሉት። መንገዱ ወደ መቃብሩ መሆኑን ሲያውቅ እግሩ ተጎተተ፤ አባት «ና» ብሎ ግን አይቀርም።

ችካሉ ከአንድ አዲስ መቃብር ራስጌ ተተክሏል።

«አባ፣ እርስዎ ነዎት የነቀሉት?»

«እኔና ጎረቤቶች ነን። መድፉ እያጓራ በጥድፊያ ነው የቀበርነው፤ ምልክት እንኳ አላደረግንለትም። ጋብ ሲል፣ እሱን ባመጣንበት ቃሬዛ ይሄን ተሸክመን አመጣን። አንተ አይደለህ እንዴ "ይሄን ችካል ከሰማይ ያዩታል፣ የትም ብሆን አገኘዋለሁ" ያልከን? ሙስዐብን ከሥሩ ካስተኛነው አይጠፋህም ብዬ ነው።»

ያንን ያለው እረኞች እንዳይነቅሉት ለማስፈራራት ነበር።

«ካስፈለገህ እመልሰዋለሁ» አሉ አባቱ።

«አይ፣ አባ። ችካል አንዴ ከተነቃነቀ ቢመልሱትም አይታመንም።»

«እንግዲያ ሙስዐብ ያለበትም አይታወቅም በለኛ!» የሽማግሌው ፊት ጠቆረ።

ሙሐመድዘይን አላስቻለውም። «እዚሁ እንደ አዲስ ይለካል» አለና ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ዘረጋ።

«ቢስሚላህ በል።»

«ቢስሚላህ።»

አፈሩን ላለመርገጥ እየተጠነቀቀ እግሮቹን በችካሉ ዙሪያ አቆመ፤ ውኃ ልኩን አስተካከለ፤ አንቴናውን ችካሉ አናት ላይ ካለው ሚስማር ትክክል አደረገ። እጁ ሥራውን ያውቃል፤ እሱ ምንም አልተሰማውም። መሣሪያው ያለበትን ቦታ እስኪያውቅ ድረስ ሳይነካ መዋል አለበት፤ ስለዚህ አጠገቡ ተቀመጠ። አባቱ ፋቲሓ እየቀሩ ዱዓ ሲያደርጉለት እሱም በደረቁ «አሚን» አለ።

ስልኩ ጮኸ፤ ብርሃኑ ነው።

«እህ፣ ችካሉ ተገኘ?»

«አዲስ ነጥብ እያስያዝኩ ነው። እስከ ማታ ይፈጃል።»

«የት ላይ?»

ቀያሽ ሁልጊዜ የሚጠየቀው ነው፤ መልሱ አይከብድም።

«ወንድሜ...» አለ። ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ተንሰቀሰቀ።

አባቱ ከእጁ ተቀበሉት። «የልጄ ራስጌ ላይ ነው፣ ጌታው» አሉ። «ትንሽ ይታገሡት፤ ገና አሁን መርዶ ደረሰው።»