ባፓ የፈቱት እስረኛ

ኢንተን አምሳ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ሰሞኑን ግን ወሬዋ ሁሉ ኛይ ጌምፖል ሆኗል። ኛይ ጌምፖል በድሮው የሶሎ ከተማ ቤተ መንግሥት መድኃኒት ቀማሚ ናት፤ ሥር ስትወቅጥ ትውልና ነፍሰ ገዳይ ስታሳድድ ታመሻለች። የመጽሐፍ ሰው ናት እንጂ በእውን የለችም። ታሪኳ የወጣው በሠላሳ ስስ ቅጾች ነው፤ ኢንተን ልጅ ሳለች መጽሐፍ አከራዩ አንዱን ቅጽ ለአንድ ቀን ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ወረፋ ይዞ ይቁለጨለጭ ነበር።

ዘንድሮ ሠላሳውንም ከአሮጌ መጽሐፍ ተራ አገኘቻቸው። ደስታዋን አትጠይቁኝ! በየጠዋቱ ዓይናቸው ለደከመው አባቷ ለፓክ ካስሚን በረንዳ ላይ ታነብላቸዋለች። ልጅ ሆና ገዳዩን ለማወቅ ብቻ ነበር የምትጣደፈው። አሁን የኛይ ጌምፖል የጉልበት ሕመም፣ በሹማምንት ፊት ንዴቷን ዋጥ ማድረጓ፣ ማታ ብቻዋን መብላቷ ሁሉ ገባት። ይህቺ ሴትዮ ለካ የእኔ እኩያ ናት እያለች ትስቃለች።

ችግሩ የመጣው ሃያ ዘጠነኛው ሲያልቅ ነው። ፓክ ካስሚን እንደገና ከአንድ እንጀምር አሉ። ኢንተን ሠላሳኛውን በልጅነቷም አላነበበችውም፤ አከራዩ ጋ ጠፍቷል ብለው መጨረሻውን በቃላቸው የነገሯት እሳቸው ናቸው። እንደ እሳቸው አባባል ገዳዩ የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ነው፤ በግድያ የታሰረው፣ ጎንግ የሚባለውን የነሐስ ደወል ሠሪው ሩክሞ ነፃ ወጣ። ኢንተን ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ አብልጣ የምትወደው ሩክሞን ነው። ንጹሕነቱን አርባ ሁለት ዓመት አምና ኖራለች።

አላስችል ብሏት ሠላሳኛውን ጓዳ ገብታ አነበበችው። ገዳዩ ሩክሞ ነው፤ ተሰቀለ። ደሟ ፈላ፤ መጽሐፉን ይዛ በረንዳው ላይ አባቷ ፊት ቆመች።

«ባፓ፣ ለምን ዋሹኝ?»

ፓክ ካስሚን ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ሲጋራቸውን አጠፉ።

«ታይፎይድ ይዞሽ አምስት ቀን እህል አልቀመስሽም። ሩክሞ ካልተፈታ አልበላም አልሽ። እኔ የፔዳል ጋሪዬ ላይ ተቀምጬ፣ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ሳነብ ሰቀሉት። ምን ላድርግ? ገንፎው እየቀዘቀዘ ነው። ፈታሁት።»

«ከዚያስ በኋላ? አድጌ የለም እንዴ?»

«ከዚያ በኋላማ ፈራሁሽ።»

ኢንተን ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም። አጠገባቸው ተቀመጠችና የመጽሐፉን መጨረሻ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ሩክሞ ኛይ ጌምፖል ፊት መዋሸት ቢያቅተው ነው እጁን የሰጠው። እሷም እስከ መሰቀያው ድረስ አብራው ሄደች። አባትና ልጅ አለቀሱ፤ ደራሲው ልክ ነው ተባባሉ። በልጅነቷ ቢሆን ይህ ይገድላት ነበር፤ ዛሬ ግን ወደደችው።

ፓክ ካስሚን ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ጥሩ ነው። ግን እኔ እንዴት ነበር የፈታሁት? ረሳሁት እኮ።»

ኢንተን መጽሐፉን ዘጋችና ጀመረችላቸው። በጸሐፊው እጅጌ ላይ የቀረውን ቀለም፣ በዘበኞቹ ጥል መሃል የጠፋውን ቁልፍ፣ ንጉሡ በእንቅልፍ ልባቸው የፈረሙትን ወረቀት፣ አንድም ሳታስቀር እየዘረዘረች ቀጠለች። አባቷ ሌላ ሰው የደረሰው ይመስል አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። በትረካው ዘበኛው ሩክሞን ሊፈታ ወደ እስር ቤቱ በር ሲቃረብ ክንዷን ያዝ አደረጉ።

«ቀስ በይ» አሏት። «ቶሎ አትፍቺው።»