ጾም የገባችው ጽጌረዳ

ኡሙሃኒ ካረፈች ስድስት ወሯ ነው። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ስለ ደግነቷ አወራልኝ። ደግ ነበረች፣ አልክድም። ስለ ግትርነቷ ግን አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እሱን እኔ ባሏ ልጻፈው።

በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ ቆቦ እማማ ሰይዳ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በዚያ ክፉ ዓመት ግን ልብስ የሚያሰፋ አልነበረም፤ መቀሴ ከከፈን በቀር ጨርቅ ሳይቆርጥ ሰነበተ። ከዋጃ በኩል በአስፋልቱ የሚመጣው ራብተኛ በየአጥሩ ሥር ይወድቃል። ኡሙሃኒም ተስቦ ይዟት አሥራ አምስት ቀን ተኝታ ተነሳች። ተነሳች ስል፣ ትራሷን ተደግፋ እኔን መሳደብ ጀመረች ማለቴ ነው።

ከጎናችን ያለውን ክፍል የተከራየው ካሣዬ የሚባል የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ። «ዶክተር» ስንለው ይቆጣል፤ ካላልነው ደግሞ ይከፋዋል።

«ተስቦው ለቋታል» አለኝ አንድ ቀን ወደ ውጭ ጠርቶ። «አሁን የሚያሰጋት ድርቀቱ ነው። በቀን አራት ጣሳ የፈላ ውሃ ካልጠጣች ኩላሊቷ ይቆማል። ያኔ እኔም አልደርስላት፣ የደሴ ሆስፒታልም አይደርስላት።»

ውሃ የሚገኘው የደረቀውን የሆርማት ወንዝ አሸዋ ቆፍሮ፣ ተራ ጠብቆ ነው። እንስራ አዝዬ ስመጣ የሰፈሩ ሴቶች ይስቁብኝ ነበር። በዚያ ዓመት የሚስቅ ሰው ማግኘቴን ቆጥሬ አልተቀየምኳቸውም።

በራችን ጎን፣ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ኡሙሃኒ ከደሴ ያመጣቻት ጽጌረዳ አለች። ስንጋባ ግንጣዩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ እንደ ልጅ ታቅፋ ነው ከአውቶቡስ የወረደችው፤ የኔን ሻንጣ ረስታዋለች። ያን ሰሞን ጽጌረዳዋ አንገቷን ደፍታ፣ ቅጠሏ ተልፈስፍሶ ገርጥቶ ነበር።

አንድ ጠዋት ከሰል ላቀጣጥል ወጥቼ ስመለስ፣ ኡሙሃኒ ከመኝታዋ በበሩ እጇን አውጥታ ጣሳዋን ቆርቆሮው ላይ ስትገለብጥ ያዝኳት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዓይን የለህም? እያጠጣሁ ነዋ።»

«እሱ እኮ ያንቺ ውሃ ነው!»

«የኔ ከሆነ ለማን እንደምሰጥ አንተን ላስፈቅድ?»

«ትሞቻለሽ አንቺ ሴትዮ!»

«እሷም እየሞተች ነው። እኔ ሲጠማኝ እጮሃለሁ፤ እሷ ምን አፍ አላት? ከእንግዲህ ዓይኔ እያየ ተጠምቶ የሚሞት ነገር አይኖርም። እሷ ቀና ካላለች ለኔም ጉሮሮዬ አይወርድ።»

ስትታመም የሰነበተችው አጥሩ ሥር «ውሃ፣ ስለ አላህ» የሚለውን ድምፅ እየሰማች ነው።

ካሣዬን ጠራሁት፤ ይቆጣታል ብዬ። እሱ ግን ቆርቆሮው አጠገብ ቁጢጥ አለና የበሽተኛ ዓይን እንደሚገልጥ ቅጠሉን በሁለት ጣቱ ገለጠ። ግንዱንም ጨበጠ፤ የልብ ትርታ የሚቆጥር ነው የሚመስለው።

«ድርቀት ነው» አለ። «ውሃ ጨምሩላት።»

«ሰማህ?» አለች ኡሙሃኒ። «ዶክተሩ ራሱ አዘዘላት!»

ካሣዬ ምላሱን ነከሰ። ከዚያ ቀን ወዲያ ከአራቱ ሁለቱን ጣሳ ለጽጌረዳዋ ማድረግ ጀመረች። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ ሽንቷ ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ቆርቆሮውን ከዓይኗ ላርቅ ወሰንኩ። ላነሳው ስል እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደኝ። ከላይ የደረቀ የፍየል በጠጥ ተነስንሶበታል፤ ጣቴን ሰደድ ሳደርግ ግን ሥሩ ጭቃ ነው፣ ያውም የሚሸት። ቆርቆሮው ቂጡ አልተበሳም። በድርቁ መሐል ቤቴ በር ላይ ረግረግ ተገኘ!

«ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?» ብዬ ጮህኩ።

እማማ ሰይዳ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ወጡ። «ልጄ፣ የውዱእ ውሃ እግር አይረግጠውም። እኔ እሷ ላይ ነው ውዱእ የማደርገው። ሰደቃ በድብቅ ነው ብዬ እንጂ...»

«አንቱም?» አልኩ። እኔም ከንጋት የፈጅር ሶላት እስከ ማታው ኢሻ እዚያው ቆርቆሮ ላይ ነበር ታጥቤ ውዱእ የማደርገው። ቀኝ የሰጠውን ግራ አይስማ ብዬ ለኡሙሃኒ እንኳ አልነገርኳትም።

ሁላችንም ወደ ካሣዬ ዞርን። ጆሮው ቀላ።

«እኔ እንኳ ፊቴን የታጠብኩበትን ነው» አለ።

«ሳሙናውንስ?» አልኩት።

«ጢሜን... የተላጨሁበትንም ጭምር።»

«አጂብ!» አሉ እማማ ሰይዳ። «ጎጃሜው ጽጌረዳዋን ሲላጫት ከርሟል!»

ኡሙሃኒ እስኪያስላት ሳቀች። ካሣዬም እየሳቀ ጭቃውን አሸተተና፣ «ሥሯ ታፍኖ ነው። የሰመጠም እንደ ተጠማ አንገቱን ይደፋል፤ አላወቅኩም» አለ። ለኛም አልታየንም። ያን ዓመት ለወደቀ ነገር ሁሉ ከጥማት ሌላ ምክንያት የምናስብበት ልብ አልነበረንም።

በሚስማርና በድንጋይ ቂጡን በሳነው፤ ጥቁር ውሃ ተንዠቀዠቀ። ጽጌረዳዋን አውጥቼ የበሰበሰውን ሥር በመቀሴ ቆረጥኩ። የሆርማት አሸዋ ከአፈር ቀላቅለን መልሰን ተከልናት፣ በር ጎን ከጥላው አቆምናት። ካሣዬ ለስምንት ቀን ጠብታ እንዳይነካት አዘዘ።

«ሮመዳን ከወጣ ስንት ቀኑ ነው?» አለች ኡሙሃኒ። «ምስኪኗን መልሳችሁ ጾም አስገባችኋት? ለታመመ ጾም ይነሳለት የለም እንዴ?»

«ለታመመ ነው» አሉ እማማ ሰይዳ። «ውሃ ለሰከረ አይነሳም።»

ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። ጣሳውን ሞልቼ ለኡሙሃኒ አቀረብኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እሷ ጾማ እኔ አልጠጣም። መጀመሪያ ቀና ትበል። ቃሌ ቃል ነው።»

ለመንኳት። በእናቷ ለመንኳት፣ በአላህ ለመንኳት። አልሰማችኝም። በመጨረሻ ተነሳሁና ወደ በሩ ሄድኩ፤ ጣሳውን ከጽጌረዳዋ በላይ ዘንበል አድርጌ ያዝኩት።

«ታሂር! ምን ልታደርግ ነው?»

«ላጠጣት። ይህ ውሃ ዛሬ መጠጣቱ አይቀርም፤ ወይ አንቺ ወይ እሷ።»

«ትገድላታለህ!»

«እኔ ነኝ እንዴ የምገድላት? አንቺ እምቢ ስላልሽ እንጂ።» ጣሳውን ትንሽ ጨምሬ አዘነበልኩት።

«አምጣ! አምጣ፣ አንተ አረመኔ! ከደሴ ድረስ መጥቼ ያገባሁት ይሄን ኖሯል?»

በሁለት እጇ ነጥቃኝ፣ በየጉንጩ እየረገመችኝ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ጣሳውን ገልብጣ አንዲት ጠብታ እንዳልቀረ አሳየችኝ። ከዚያ እኔን ትታ ጽጌረዳዋን አየት አደረገችና ባዶውን ጣሳ ዘረጋችልኝ።

«የቀረውንም ውሃ አምጣው» አለች። «አንተ ውሃ ይዘህ ከሷ ጋር ብቻህን አትታመንም።»