የኦናው ቤት መቀርቀሪያ

ደላላው የመቀርቀሪያውን ምስማር ሊነቅል ጥርሱን ነክሶ መዶሻውን ቢያሳርፍበትም ንቅንቅ አላለም። በጓዳው በር ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ክንድ የሚያህል የብረት መቀርቀሪያ ተጋድሟል። ከውጭ የሚቀረቀር መኝታ ቤት ማን አይቶ ያውቃል? እስከ ዛሬ የመጡ ገዢዎች ሁሉ ይህን ብረት ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁርና "እናስብበት" ብለው ይወጣሉ፤ አስቦ የተመለሰ ግን የለም። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ትናንት ቁርጡን ነግሮታል፤ ዛሬ ካልተሸጠ ቁልፉ ለሌላ ደላላ ይሰጣል።

ለሌላ ደላላ! ይህ ሰው እኮ ለዓሣ ጃንጥላ ይሸጣል። በከተማው አንደኛው ደላላ እሱ ነው፤ ሁለተኛውም እሱው። ኦና ቤት ገብቶ ግድግዳውን ካየ የነዋሪዎቹን ሕይወት ከነሠርጋቸው ይፈጥራል። ማዘጋጃ ቤቱ ካጋባው ሕዝብ እሱ በባዶ ቤት ያጋባው ይበልጣል።

የዛገው ምስማር ላይ ዘይት ጠብ ሊያደርግ ጠርሙሱን ሲከፍት ደጅ የመኪና በር ተዘጋ። ጠርሙሱን ኪሱ ከተተ፣ መዶሻውን በካፖርቱ ሸፈነ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ወጣ።

የመጡት ባልና ሚስት ከባልየው አሮጊት እናት ጋር ናቸው። ሚስትየዋ የአማቷን እጅ አንጓ ጨብጣለች፤ አያያዟ የድጋፍ ሳይሆን የጥበቃ ነው።

"እማዬ፣ ደረጃ አለ፤ ቀስ በይ" አለ ባልየው።

"ደረጃውንስ አይቼዋለሁ። አንተን ነው ያላወቅሁህ። የማን ልጅ ነህ?"

ባልየው ፊቱን አዞረ። ሚስቱ ወደ ደላላው ጠጋ ብላ፣ "ይረሳሉ" አለችው። "ባለፈው ሳምንት ሾልከው ወጥተው፣ ስንት ከተንከራተትን በኋላ አውቶቡስ ጣቢያ ነው ያገኘናቸው። እንግዲህ ሥራዬን ትቼ በር ልጠብቅ?"

"አይ እናት! የእኔም እናት እንዲሁ ናት" አለ ደላላው። እናቱ ከሞቱ ዘመን ሆኗቸዋል።

ሳሎን ሲገቡ ወሬውን ለቀቀው። ፎቶ ተሰቅሎባቸው የነበሩትን ነጣ ያሉ አራት ማዕዘኖች እየጠቆመ፣ "ይሄ የሠርጋቸው ነው። ይሄኛው ትልቁ ልጅ ሲመረቅ። የልብ ሐኪም ነው፤ የሚያክመው ንጉሥ ብቻ ነው" አለ። በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ የተሰመሩትን የልጅ ቁመቶች በጣቱ ተከተለ። "ይሄ ደግሞ ታናሽየው። አሁን በዚህ በር አያልፍም። ታዲያ ቤቱን ለምን የለቀቁ ይመስላችኋል?"

ሚስትየዋ ሳቀች። "ተጣልተውስ አያውቁም?"

"እዚህ ቤት? አንዴ ብቻ። እኔ ልሙትልሽ፣ የለም እኔ ልሙትልህ ተባብለው።"

በሳቁ መሀል ባልየው ዞር አለ። "እማዬስ?"

የጓዳው በር ወለል ብሏል።

አሮጊቷ እውስጥ ቆመው ግድግዳውን ይዳብሳሉ። "እዚህ ሰው ነበረች" አሉ።

"የልጆቹ መጫወቻ ነበር፣ እማማ።"

"አፈ ጮሌ! ልጅ መቼ አንድ ቦታ ይቀመጣል?" የበሩን ውስጠኛ ገጽ አሳዩት። ከጉልበት ከፍ ብሎ ቀለሙ በጥፍር ተፍቆ እንጨቱ አግጥጧል። ከበሩ ትይዩ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሰው ሲቀመጥ ራሱ በሚደርስበት ቦታ፣ ወዝ የጠጣ ጥቁር ክብ አለ። ከሥሩ ያለው ወለል ጎድጉዷል።

"መጀመሪያ በሩን ትቧጭራለች። ሲደክማት እዚህ መጥታ ራሷን ታስደግፋለች። ኋላ ኋላ መቧጨሩን ትታዋለች።"

"ይህን በምን አወቅሽ?" አለ ባልየው፤ ድምፁ ቀጥኗል።

"ወዙ ከጭረቱ ይበልጣላ" አሉ አሮጊቷ። "ምን አጥፍታ ይሆን?"

አሮጊቷ ቀስ ብለው ጉድጓዱ ላይ ቁጭ አሉና ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣሉ። ነጭ ጸጉራቸው ጥቁሩ ክብ ላይ ግጥም አለ። አዲስ ጫማ እንደሚለካ ሕፃን እየሳቁ፣ "እዩ! ለእኔ ልኬ ነው" አሉ።

"አየህ፣ ወደዱት" አለች ሚስትየዋ ለባሏ።

ደላላው ሽያጩ እንደበነነ ገብቶታል፤ ቢሆንም ምላሱ መች ይሸነፋል። "ብረቱ የውሻ ነው! አንበሳ የሚያህል ውሻ ነበራቸው። አሁኑኑ ነቅዬ—"

"አትንቀለው" አለ ባልየው።

ይህን ሲናገር ጫማውን ነበር የሚያየው። ሚስትየዋ መቀርቀሪያውን ይዛ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አንሸራተተችው። ብረቱ እንደታረደ ነገር ሲጥ አለ።

"ይጮኻል" አለች። "ጎረቤት ይሰማል።"

"ሌላ ገዢ አለው?" ሲል ጠየቀ ባልየው።

ሌላ ቀን ቢሆን ደላላው ከበሩ እስከ ባሕር የሚደርስ ሰልፍ በጠራ ነበር። አሁን ግን የሚሸጥ ውሸት ሁሉ አልቆበታል። አሮጊቷ ወለሉ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ወደ እሱ ፈገግ ይላሉ። አንድ ቃል ቢናገር፣ ያውም እውነተኛ፣ ገዢዎቹ ሊያፍሩ ይችላሉ። ካፈሩ ደግሞ ይሄዳሉ። ቁልፉም ይሄዳል።

እጁን ኪሱ ከተተ። ጠርሙሱ ሞቆ ጠበቀው።

ዘይቱን መቀርቀሪያው ላይ አንጠባጥቦ፣ እስኪወዛ በአውራ ጣቱ አሸው። ገፋ አደረገው። ብረቱ ኮሽ ሳይል ቀዳዳው ውስጥ ሰመጠ።

"እጅህ ይባረክ፣ ልጄ" አሉ አሮጊቷ። "የሚጮህ በር ሰው ያሳብዳል።"