አንድ ዙር በዝናብ

ልብስ ሰፊዋ የዝናብ ልብሱን ሳፋ ላይ ዘርግታ በትከሻው በኩል አንድ ብርጭቆ ውሃ አፈሰሰችበት። ውሃው ላስቲክ በተቀባው ጨርቅ ላይ ለአፍታ ተኝቶ ቆየ። ቀጥሎ ከውስጥ በኩል አንድ ጠብታ ወጣ፤ ከጎኑ ሌላ፤ ከእሱም ጎን ሌላ። ጠብታዎቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስል ሳይዛነፉ ተሰልፈው ወደ ሳፋው መውረድ ጀመሩ። መስመሩን አወቀችው። የገዛ እጇ ሥራ ነው።

በአርባ ዓመት ሙያዋ ያልተለወጠ ልማድ አላት። ማንኛውንም ጨርቅ ወደ ስፌት መኪናው ከመውሰዷ በፊት በእጇ፣ በረጃጅም ስፌት ታያይዘዋለች፤ መኪናው ካለፈበት በኋላ ያንን ክር ትመዘዋለች። ጥጥም ሆነ ሱፍ መርፌ የነካውን ረስቶ መልሶ ይገጥማል። ላስቲክ ግን አይረሳም፤ አንዴ የተበሳው ተበስቶ ይቀራል። ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፣ እጇ ቀድሟት ነው። ወይስ እጄ ሆን ብሎ ይሆን? ስትል ራሷን ጠረጠረች። ከመጀመሪያውም የባሏን መሄድ አልወደደችውም ነበርና።

ባሏ በያጅ ነበር። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ወንዝ ማዶ ያለው የመዝናኛ ፓርክ ሲሠራ የትልቁን መንኮራኩር ብረት የበየደው እሱ ነው። አንድም ቀን ግን አልተሳፈረበትም፤ «ነገ እንሄዳለን» እያለ ዘመኑ አለፈ። አሁን መንኮራኩሩ አርጅቷል ተብሎ ነገ ሊፈርስ ነውና፣ እሱ «ዛሬ ሳልሳፈርበት አልቀርም» ብሏል። ግን በሥራ ዘመኑ የዋጠው ጭስ ሳንባው ላይ ተቀምጦ፣ ሐኪሙ ባለፈው ወር እሷን ለብቻዋ ጠርቶ «ብርድና እርጥበት እንዳይነካቸው፤ ሌላ የሳንባ ምች የሚችሉ አይመስለኝም» ብሏታል። ዛሬ ደግሞ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ይወርዳል።

«አላለቀም እንዴ?» አለ ባሏ ከወዲያኛው ክፍል። ጫማውን ካሰረ አንድ ሰዓት ሆኖታል።

ልብሱ ያፈሳል፣ ይቅርብን ልትለው አፏን ከፈተች። እውነት ነው፤ ማንም አይፈርድባትም። ነገር ግን በበሩ ክፍተት አየችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሳሉን እንዳትሰማው በመዳፉ አፍኖ ይስላል።

«አለቀ፣ አለቀ! ትንሽ ነው የቀረው» አለች። ከመሳቢያው ሻማ አወጣችና ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በሰሙ አሸቻቸው፤ ጨርቅ ደርባም ለብ ባለ ካውያ ተጫነቻቸው።

«አንድ ዙር ብቻ» አለችው ስታለብሰው፣ እስከ አገጩ እየቆለፈችለት። «አንድ ዙር፣ ከዚያ ቀጥ ብለን ወደ ቤት። ማልልኝ።»

«አንቺን ይንሳኝ፣ አንድ ዙር!» አለና ክንዱን አንሥቶ ስፌቱን መረመረ። «ጥሩ አድርገሽ በይደሽዋል።» የቆየ ቀልዳቸው ነው፤ እሷ ትበይዳለች፣ እሱ ይሰፋል።

የፓርኩ በር ላይ ትኬት ቆራጯ የሰውየውን ልብስ አይታ አደነቀች። «እማማ፣ ይሄን የት አገኙት? እኛ የምንሸጠው የዝናብ ልብስ አንድ ቀን አይቆይም ነበር፤ እሱም መንኮራኩሩን ሊሰናበት በመጣው ሰው አልቋል።» ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ እንደዚያን ቀን በሥራዋ ያፈረችበት ጊዜ የለም።

ከመንኮራኩሩ ሥር ሲደርሱ ግን ሐፍረቱም ጠፋባት። ከሰፈሯ ስታየው ሁልጊዜ የሸሚዝ ቁልፍ ያህል ነበር። አሁን አንገቷን ወደ ኋላ እስኪያማት ድረስ ቀና አደረገች፤ ጫፉ አይታይም። ብረቱ እየወፈረና እየቀጠነ ወጥቶ ወጥቶ ደመናው ውስጥ የሚገባ ይመስላል። ይሄንን ነው እንዴ ምሳውን በሳህን ቋጥሬለት ይሠራው የነበረው? አለች በልቧ፤ ፈራች፣ ደግሞም ኮራች።

«አባባ፣ በዚህ ዝናብ?» አለ የመንኮራኩሩ ሠራተኛ። «ነገ ብራ ሲሆን ቢመጡ…» ብሎ ጀመረና ራሱ ደነገጠ። «ለካ ነገ የለም። ግቡ፣ ግቡ።»

ወንበሩ ጣሪያ አልነበረውም። ሲጥ እያለ ተነሣ፤ ዛፎቹ ወረዱ፣ ጣሪያዎቹ ወረዱ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዕድሜዋን ሙሉ ዝናብን የምታውቀው ከታች ሆና ነበር። አሁን ከባዱ ዝናብ በእግሩ የሚሄድ ይመስል ወንዙን ሲሻገር፣ ጣሪያዎቹን በየተራ ሲያጠቁር፣ መንገዱን አልፎ የእነሱን ሰፈር ሲይዝ አየችው። «ወይ ጉድ!» አለች።

«እጅሽን ስጪኝ» አለ ባሏ። ይዞ ከወንበሩ ሥር፣ ሁለት ብረቶች የሚገናኙበት ላይ አኖረላት። በጣቷ ስትከተለው ወጥ የሆነ የብየዳ መስመር ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ትንሽ እብጠት አለው።

«ምንድን ነው?»

«ቋጠሮ። አንቺ ስፌት ስትጨርሺ አንዴ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ትቋጥሪ የለ? ከአንቺ ነው ያየሁት። አለቃዬ ብረት አባካኝ ይለኝ ነበር።»

«ሁሉንም እንዲህ ነው የሠራኸው?»

«እዚህ ላይ ያለውን ሁሉ።»

ዙሪያዋን ቃኘች። ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ብረት ከብረት የተገናኘበት ቦታ ስፍር ቁጥር የለውም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ሁሉ ልጅ በእሷ ቋጠሮ ላይ ተንጠልጥሎ እየሳቀ ሲዞር እሷ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ሱሪ ታሳጥር ነበር። እንባዋ መጣ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ላሳይሽ ነበራ። ነገ፣ ነገ እያልኩ።»

ያን ጊዜ ነው አንገቱን ያየችው። ሰሙ በቅዝቃዜው ተሰነጣጥቆ ረግፏል፤ ውሃው በመስመሩ እየገባ የሸሚዙን ኮሌታ አርሶታል።

«ያፈሳል» አለች። «በእጄ አያይዤው ነበር። ጠዋት አውቄ ዝም አልኩህ።»

«እኔም አውቄያለሁ። ቤቱ ሁሉ ሻማ ሻማ ሲሸት ምን መሰለሽ?»

መንኮራኩሩ ቀስ እያለ ወረደ። ሠራተኛው ፍሬኑን ይዞ «ላውርዳችሁ?» አለ። ባሏ መሐላውን አስታውሶ የወንበሩን ማገጃ ሊያነሣ እጁን ዘረጋ።

ልብስ ሰፊዋ ያልረጠበውን ሻርፗን ከካፖርቷ ሥር አውጥታ አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት፤ ጫፉን አንዴ ወደ ኋላ መልሳ ቋጠረችው። ማገጃውን ከእጁ ተቀብላ ወደ ቦታው መለሰችው።

«ድገመን፣ የኔ ወንድም» አለች።

ወንበሩ ሲጥ ብሎ ተነሣ። እሷም እጇን ወደ ወንበሩ ሥር ሰድዳ ቋጠሮውን በጣቷ ፈለገችው።