ሦስት ቁልፍ በሚስማር ላይ

አምና ስድስተኛ ፎቅ ላይ የሆነውን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በተለይ ለባሌ።

እኛ ከተማ ማሞቂያ የሚለቀቀው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ በረዶው ሳይቀድመን፣ በየሕንፃው ቧንቧ ውስጥ ውሃ ተሞልቶ ይሞከራል። ዋዜማውን የመግቢያው በር ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ውሃ ይገባል፣ በየቤቱ ሰው ይኑር» የሚል። ሰው ከሌለ የላላው መጋጠሚያ ያፈስና የታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ይበሰብሳል፤ ከዚያ የብርዱን ወራት ሙሉ ጭቅጭቅ ነው። ደግሞ በየማሞቂያው ሆድ የታፈነው አየር በማስተንፈሻው፣ ጎኑ ላይ ባለችው ትንሽ ብሎን፣ ውሃ እስኪመጣ ተከፍቶ ካልወጣ፣ ብረቱ እንደ ሬሳ ቀዝቅዞ እስከ ሚያዝያ ይከርማል።

ሥራ ያለው፣ መንገድ ያለው፣ ቁልፉን እኛ ዘንድ ትቶ ይሄዳል። ባሌ ባኦሻን ሠላሳ ስምንት ዓመት የማሞቂያ ቧንቧ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ በወጣ ማግስት ከበራችን ጀርባ ሚስማር መታ፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት የጎረቤት ቁልፍ ይሰቀልበታል። በሌላው ጊዜ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሽማግሌ ነው። በዚያ ሳምንት ግን ደረጃው በሙሉ በቤተሰብ ስሙ «ጋሼ ቶንግ! ጋሼ ቶንግ!» ይላል፤ እሱም ጢሙን ተላጭቶ፣ የድሮ የሥራ ጃኬቱን ለብሶ፣ ደረቱን ነፍቶ ይወርዳል ይወጣል።

አምና ታዲያ የስድስተኛ ፎቋን የመምህርት ሚያኦን ቤት ጨርሶ ሲመለስ ከማስተንፈሻው የሚወጣውን ውሃ የሚቀበልበትን ሳፋ እዚያው ረሳው። ላመጣ ወጣሁ። በሩን ስከፍት ማስተንፈሻው ክፍት ነው፣ ሳፋው ሞልቶ ፈሷል፣ ወለሉ ጥቁር ውሃ በጥቁር ውሃ ሆኗል። ዘጋሁት። መወልወያ ብፈልግ የለም። ምን ላድርግ? ከላይ የደረብኩትን የጥጥ ሱሪ አውልቄ በሱ ወለወልኩ! በውስጥ ሱሪ አራት ፎቅ ስወርድ ሰው አለመግጠሜ የፈጣሪ ሥራ ነው። ባኦሻን አይቶኝ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ፣ «ሳፋው ተደፋብኝ፣ ደግሞ ትስቃለህ!» ብዬ ጮህኩበት። እሱ ግን አልሳቀም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ባሰ። ሃርቢን ከተማ ያለችውን ልጃችንን በስልክ ሲያናግራት በሞተች እህቱ ስም ይጠራታል። አንዱን ነገር ሦስቴ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም፤ «ስንቴ ልንገርህ? ጆሮህ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቀሃል?» እለዋለሁ። ካልኩ በኋላ ምላሴን ብነክሰው ምን ዋጋ አለው።

የፈራሁት አንድ ነገር ነው። ጎረቤት ካወቀ ቁልፍ የሚሰጠው አይኖርም። ቁልፉ ከቀረ ደግሞ ይህ ሰው ጠዋት ለምን ብሎ ይነሳል?

ዘንድሮ ሦስት ቁልፍ መጣ። አንደኛው ብርዱን ሸሽተው ወደ ደቡብ የወረዱት የአምስተኛ ፎቅ ባልና ሚስት ቁልፍ ነው። ሁለተኛው የመምህርት ሚያኦ። ሦስተኛውን ያመጣችው የሦስተኛ ፎቋ ፓንግ ናት፤ ያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ልጇ በሚቀጥለው ሳምንት ያገባል፤ ለሙሽሮቹ ብላ ወለሉን በሙሉ አዲስ ጣውላ አስነጥፋዋለች።

«ጋሼ ቶንግ፣ አደራ! ነገ የሰርግ ልብስ ልናመጣ ስለምንሄድ ነው እንጂ እኔው እቀመጥ ነበር። ጣውላው ጠብታ ከነካው ያብጣል ብለውኛል።»

«የሰርግ ከረሜላዬን ብቻ አዘጋጂ» አላት ባሌ እየሳቀ፤ እኛ ዘንድ ሙሽሮች ለጎረቤት ከረሜላ ያድላሉ።

«ጥርስ ሳይኖርህ ከረሜላ!» ብላው ሄደች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ያለውን የመጠጥ ውሃ ቧንቧ እንዳይቀዘቅዝ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለልነው። እኔ እይዛለሁ፣ እሱ በሲባጎ ያስራል። ቋጠሮው እንደ ድሮው ጥብቅና እኩል ነበር። እጁ ምንም አልረሳም። እሱን እያየሁ እኔ ነኝ እንዴ የማበዛው አልኩ።

በነጋታው ሦስት ሰዓት ሲሆን ቧንቧዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ባኦሻን ሳፋውንና ካቻቪቴውን ያዘ። አብሬህ ልሂድ ስለው «ጭራ ነሽ እንዴ?» አለኝ። የአምስተኛውን ቁልፍ ብቻ ይዞ ወጣ፤ ጨርሶ እኛ ድረስ ሁለተኛ ፎቅ ወረደና ቁልፉን ሚስማሩ ላይ መልሶ የፓንግን አነሳ።

«ሁሉንም በኪስህ አትይዝም? ለጉልበትህ እንኳ አታዝንም?» አልኩት። ሌላው ዓመት ሁሉንም ይዞ ነበር የሚዞረው።

«የሰው ቁልፍ ቦታው ሚስማሩ ላይ ነው» አለና ሄደ።

ይኸው፣ አሠራሩም ጠፋው አልኩ። የአምስተኛውን ቁልፍ መንትፌ ወጣሁ። ማስተንፈሻው ዝግ ነው፤ ወለሉ ደረቅ። ባሌን እንደ ሌባ በመከታተሌ አፈርኩ።

ስመለስ የፓንግ ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ነው። ባኦሻን «ሲጋራ ላጭስ» ብሎ ደረጃው ላይ ወጣ። ሳፋው ግን የለም። ሳፋው የለም! የፓንግን ቁልፍ መንትፌ ወደ ሦስተኛ ፎቅ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም።

የሙሽሮቹ ክፍል ግድግዳ ላይ ቀዩ የሰርግ ወረቀት ተለጥፏል። ማሞቂያው ሥር ሳፋው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ጥቁሩ ውሃ ከንፈሩ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ከላይ ደግሞ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ማስተንፈሻውን ጠምዝዤ ዘጋሁ። ሳፋውን ትንፋሼን ይዤ አነሳሁት። አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። ዘወር ስል ባሌ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሲጋራውን አልለኮሰውም።

«ክፍት ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«ዝግ ነበር።»

«ዩንሺያ።»

«ዝግ ነበር አልኩህ እኮ! ሳፋውን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«አምናም ሳፋውን ልትወስጂ ነበር የሄድሽው» አለ ቀስ ብሎ። «ገመድ ላይ ያሰጣሽውን ሱሪ አይቼዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የማሞቂያ ውሃ ሳሸት ኖሬ፣ አንቺ ልታታልዪኝ?»

«ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ ዝም ስላልሽ።»

«ካወቅክ ይህን ቁልፍ ለምን ተቀበልክ? የሰርግ ቤት እኮ ነው አንተ ሰውዬ!»

«አንድ ዓመት ልጨምር ብዬ። ቁልፉን አንድ በአንድ እየመለስኩ የሰቀልኩት ለምን ይመስልሻል? ከኋላዬ እንድትገቢ ነው።»

አለቀስኩ። እናቴ ስትቀበር ያላለቀስኩት ሴትዮ፣ በሰው የሙሽራ ቤት፣ ጥቁር ውሃ ታቅፌ አለቀስኩ። እሱ ሳፋውን ከእጄ ተቀብሎ ሽንት ቤት ደፋውና አጠበው።

ልንወጣ ስንል ፓንግ እቃዋን ተሸክማ ደረሰች። ዓይኔን አይታ ደነገጠች። እኔ ውሸት ስፈልግ ባኦሻን ቀደመኝ።

«እትዬ ፓንግ፣ ማስተንፈሻውን ክፍት ትቼው ሄጄ ነበር። ዩንሺያ ባትደርስ ወለልሽ አልቆለት ነበር። ከእንግዲህ ቁልፍሽን ለኔ አትስጪ፤ እየረሳሁ ነው።»

ፓንግ እቃውን ጥላ ተንበረከከችና ጣውላውን በመዳፏ ዳበሰችው። «ደረቅ ነው» አለች። ቀና ብላ ደግሞ «ጋሼ ቶንግ፣ እየቀለድክ ነው አይደል?»

«ምነው በሆነ።»

እጇን ዘረጋች። ቁልፉን አስረከብኳት። ከፋኝ፣ ግን እኔም በሷ ቦታ ብሆን እቀበል ነበር። «ለሰርጉ እንዳትቀሩ» ስትል የባሌን ዓይን ማየት አልቻለችም።

ስድስተኛ ፎቅ ቀረን። ባኦሻን የመምህርት ሚያኦን ቁልፍ ከሚስማሩ አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። «አንቺ ትዘጊያለሽ። እኔ እሰማለሁ። ጆሮዬ ገና ይሠራል።»

እዚያ ሆነን ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ። «ክፈቺ» አለኝ። አየሩ ሽሽሽ እያለ ወጣ፤ ውሃ ተፋ፤ ልዘጋ ስል «ቆይ፣ ሆዱ ውስጥ ገና አለ» አለ። እኔ ምንም አይሰማኝም። ትንሽ ቆይቶ እውነትም እንደገና ተነፈሰ። «አሁን!» አለ። ዘጋሁት። ፊቱ ላይ የድሮው ባኦሻን ነበር።

«ዘጋሽው?»

«ዘጋሁት።»

በሩን ቆልፈን ወረድን። አምስተኛ ፎቅ ላይ «ዘጋሽው?» አለኝ። «ዘጋሁት» አልኩት። ትናንት የጠቀለልነው ቧንቧ ጋ ስንደርስ መደገፊያውን ጨብጦ ቆመ። ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት አየሁ፤ በአርባ ሦስት ዓመት ትዳራችን አይቼው የማላውቀው ፍርሃት።

«ዩንሺያ፣ የላዩን… ዘጋሽው?»

«ስንቴ» የምትለዋ ቃል ጥርሴ ድረስ መጣች። ዋጥኳት። ክንዱን ያዝኩና፣ ገና አሁን እንደጠየቀኝ አድርጌ፣ «ዘጋሁት» አልኩት።