ዳማው ጭራውን የተቆረጠ ዕለት

ቤይሰን ሰውን የሚለካው በፈረስ ነው። እገሌ እንዴት ያለ ሰው ነው ብላችሁ ብትጠይቁትና «እግሩን እርካብ ላይ በወጉ አያስገባም» ካላችሁ፣ ያ ሰው አበቃለት። ደግ ይሁን ሀብታም ይሁን ለቤይሰን ጉዳዩ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ቤት ነው እንግዲህ ቃምሻት በሙሽርነት የገባችው። እሷ ደግሞ አልማቲ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ አራት ዓመት ሙሉ ፀጉር ቤት የሠራች፣ ፈረስ የምታውቀው በቴሌቪዥን የሆነች ልጅ ናት።

ካርካራ ሜዳ ላይ ወዳለው የበጋ ድንኳናቸው ከመጣች ሁለት ወር ሆናት። ባሏ ኑርታስ ይወዳታል፤ በዚህ አትጠራጠርም። የሚያስጨንቃት አማቷ ነው። ቤይሰን በሁለት ወር ውስጥ ለእሷ የተናገረው ቢለቀም አንድ ገጽ አይሞላም፦ «እሳቱን አየት አርጊ»፣ «በሩን ዝጊ»፣ «ከዳማው ኋላ አትቁሚ»። አንድ ቀን ኑርታስ ኮርቻ ላይ ሊያወጣት ሲታገል እሷ ዞራ በቀኝ በኩል እግሯን አነሳች። ሽማግሌው ከሩቅ አይቶ፣ «በቀኝ በኩል ፈረስ የሚወጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለና ጥሏቸው ሄደ። ስድብ አልነበረም፣ ግን ከስድብ ባሰባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ይህ ሽማግሌ እንደ ቤቱ ሰው እንዲቆጥራት።

ዳማው የቤይሰን ፈረስ ነው። በዚያ አገር ፈረስ በመልኩ ነው የሚጠራው፤ ዳማ ስለሆነ ዳማው ተባለ፣ አለቀ። ደረቱ ሰፊ፣ ጋማው እስከ ትከሻው፣ ጭራው መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው ሰንጋ ነው። ኮርቻውን የሠራለት የቤይሰን ታላቅ ወንድም ቶክታር ነው። ቶክታር ያልሠራው ኮርቻ ላይ መቀመጥ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ነው ይባላል፤ ይህን የሚለው ግን ቶክታር ራሱ ነው።

ዓርብ የሜዳው ትልቅ በዓል ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ኑርታስ ድርቆሽ አጨዳ ወረደ። ቤይሰን ደግሞ አንዲት ውርንጭላ ጠፍታበት ሴቷን ፈረስ፣ ባዝራዋን፣ ጭኖ ወደ ላይኛው ተራራ ሊሄድ ተነሳ። ዳማው ሌሊቱን ረግረግ ውስጥ ሲግጥ አድሮ ጭራው በጭጎጎት ተሞልቷል። ቤይሰን እግሩን እርካብ ላይ ካደረገ በኋላ፣ ዞር ብሎ ሙሽሪቱን አየና «እስቲ ጭጎጎቱን አንሺለት» አላት። «ለዓርብ እንዲያምር። ከጎኑ ቁሚ፣ ከኋላው አይደለም።»

«እሺ አባባ!» አለች ቃምሻት። ደስታዋ ከልክ አለፈ። ዳማውን ለሰው አምኖ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው!

አንድ ሰዓት ሙሉ ለቀመች። ጭጎጎቱ ከጭቃ ጋር ተጋግሮ ጭራው እንደ ምንጣፍ ሆኗል። አንድ ማበጠሪያ ሰበረች፣ ሁለተኛውንም ደገመች። ዳማው ትዕግሥቱ አልቆ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣጠፈ። እንግዲህ ቃምሻት ስለ ፈረስ ባታውቅም ስለ ፀጉር የሚያስተምራት የለም። እሷ በሠራችበት ፀጉር ቤት ሕጉ አንድ ነው፤ የማይፈታ ፀጉር ይቆረጣል፣ የተቆረጠ ፀጉር ጤነኛ ሆኖ ይበቅላል። የበግ መሸለቻውን መቀስ አመጣች። ጭራውን ከአጥንቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላ ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው። ከዚያ ራቅ ብላ ስታየው ጋማው አልመጣጠን አላት፤ እሱንም አሳጠረችው። አቤት ማማሩ! «ሞዴል ሆንክ እኮ» ብላ አንገቱን መታ መታ አድርጋ፣ ወደ መንጋው ለቀቀችው።

በዚያ አገር ደግሞ የፈረስ ጭራና ጋማ እንዲህ የሚቆረጠው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። ባለቤቱ ሲሞት። ያን ጊዜ ፈረሱ ተሸልቶ መንጋ ውስጥ ይለቀቃል፣ እስከ ሙት ዓመቱም ማንም አይቀመጥበትም። ለምን አልነገሯትም ትሉ ይሆናል። ውሃ ያረጥባል ተብሎ ለሰው ይነገራል እንዴ? የቃምሻት አያት የሞቱት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፈረስ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው አሮጌ ላዳ ነው፣ መኪናዋን ደግሞ ማንም አልሸለታትም።

ዳማውን መጀመሪያ ያየችው ጎረቤቲቱ ሻርባን ናት። ባዝሮቿን ልታልብ ወጥታ፣ የቤይሰን ፈረስ ጭራ የለው፣ ጋማ የለው፣ ሲፈነጭ ታየዋለች። የወተት ባልዲው ከእጇ ወደቀ። ወደ ቤይሰን ድንኳን ብታይ ሽማግሌው የለም። ሻርባን ወሬ የምታሳድር ሴት አይደለችም። ስልክ የሚሠራበት ኮረብታ ላይ እያለቀሰች ወጣች፣ ለሚያነሳም ለማያነሳም ደወለች። ከኬገን ከተማ እስከ ወንዙ ማዶ ቤይሰን ሞተ ተባለ።

ቃምሻት ሊጥ እየጠበሰች ነበር። መጀመሪያ የሰማችው የኮቴ ድምፅ ነው። ወጥታ ብታይ ሃያ የሚሆኑ ፈረሰኞች በሶምሶማ ሳይሆን በግልቢያ እየመጡ፣ ከኮርቻቸው ላይ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ ይጮኻሉ፦ «ወንድሜን! ወይኔ ወንድሜን!»

ተራራ ላይ ብቻውን የወጣው ሽማግሌ ነው ወዲያው የታሰባት። ገደል ገባ! ባዝራዋ ጣለችው! ለመጠየቅ እንኳ አፏ አልታዘዝ አላትና እዚያው በሯ ላይ ጮኸች። የእሷ ጩኸት ደግሞ ለመጡት ሰዎች ማረጋገጫ ሆናቸው። ሻርባን ከኮረብታው ወርዳ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«አይ ልጄ፣ ብቻሽን! ማንም ሳይኖር!»

«እትዬ ሻርባን፣ እንዴት ነው የሆነው?»

«እንዴት ሆነ ብለን እናንተን እንጠይቅ እንጂ!»

ማን ማንን ይስማ። ተያይዘው አለቀሱ። ቃምሻት ለአንድ ሰው ይህን ያህል እንባ እንዳላት አታውቅም ነበር፤ ያውም «በሩን ዝጊ» ከማለት ሌላ ቃል ለማይወጣው ሰው። አሁን ግን ሌላው ሁሉ ጠፍቶ የሚታያት፣ ሌሊት እሷ የተኛች መስሎት ካፖርቱን አምጥቶ እግሯ ላይ ጣል ሲያደርግ ነው። ወደደችው ለካ። ማንም ሳይነግራት ወዳዋለች።

በዚህ መሃል ቶክታር ደረሰ። ሕዝቡ ለቅሶውን ሊያቆም ትንሽ ነው የቀረው። ያ ሰባ አራት ዓመት የሞላው ኮርቻ ሠሪ፣ «ያለ ኮርቻ ፈረስ የወጣ በሬ ይንዳ» የሚለው ቶክታር፣ ጋሪ በሚጎትት ፈረስ ላይ ያለ ኮርቻ፣ ያለ እርካብ፣ ጋማ ጨብጦ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ኮርቻ ተሰቅሏል። አንዱን ለመጫን ጊዜ አላገኘም። «ታናሼን!» እያለ እንደ ጆንያ ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ከላይ፣ ከተራራው ሌላ ጩኸት መጣ።

«ልጄን! ወይኔ ልጄን! ቃምሻቴን!»

ሁሉም ቀና አለ። ቁልቁለቱን አንድ ሽማግሌ ባዝራ እያስጋለበ፣ ቆቡ ወልቆ፣ ውርንጭላዋን ከኋላ አስከትሎ እያለቀሰ ይመጣል። ቤይሰን ነው። ከላይ ሆኖ ቢያይ ደጁ በፈረስ ተሞልቷል፣ ሰው ይጮኻል። ቤት ውስጥ ትቶት የሄደው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ሻርባን «አዑዙ ቢላህ» አለች። ቶክታር እንባውን በእጅጌው ጠረገና «ይሄ ሬሳ ለማን ነው የሚያለቅሰው?» አለ።

ቤይሰን ባዝራዋ ሳትቆም ዘሎ ወረደ። ሰውን በክርኑ እየገፋ መጥቶ ቃምሻት ፊት ተገተረ።

«አለሽ?»

«አለሁ! እርስዎስ አሉ?»

«እኔማ የት እሄዳለሁ?»

ሁለቱም እንደገና አለቀሱ። ሌላው ሰው ማልቀስ ይቀጥል ወይ ይሳቅ ግራ ገባው።

ይህን ጊዜ ነው ዳማው ከመንጋው ወጥቶ ምን ተፈጠረ ብሎ የመጣው። አንገቱ ራቁቱን፣ ጭራው እንደ መጥረጊያ ጉንድሽ። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። በሕይወት ያለ ሰው ፈረስ ጭራ መቁረጥ ሞቱን መመኘት ነው፤ በዚህ ምክንያት ሁለት ጎሳ ተዋግቶ ያውቃል።

«ማን ነው ይሄን ያደረገው?» አለ ቶክታር ቀስ ብሎ።

ቃምሻት አሁን ገባት። በቃ፣ ከእንግዲህ በዚህ ሜዳ ስሟ «አማቷን በቁሙ የሸለተችው» ነው። ኑርታስም ቢሆን ምን ብሎ ያስታርቃታል? ልትናገር አፏን ከፈተች።

ቤይሰን ፈረሱን አየ። ቀጥሎ እሷን አየ፣ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን የፈረስ ፀጉር አየ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ?»

«እኔ። ጭጎጎት ገባበት፣ ተናደድኩ፣ ቆረጥኩት። የራሴ ፈረስ አይደለም?»

«ጋማውንስ?»

ቤይሰን ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋማውን… እንዲመጣጠን ብዬ።»

ሳቁ ሲፈነዳ ፈረሶቹ ደነገጡ። ቶክታር ግን ወገቡን ይዞ ተነሳ። «ኮርቻ ሠሪ ነኝ እኮ እኔ! ሰው ምን ይለኛል? መቀመጫዬ ተላጠ! ቢያንስ ሞተህ ብትጠብቀኝ ምን ነበረበት?»

«ለሌላ ጊዜ ወንድም ጋሼ፣ አስቀድሜ መልእክት እልክልሃለሁ» አለ ቤይሰን። ያን ቀን ለለቅሶ የመጣ በግ ለድግስ ታረደ። ሻርባን «እኔ ያየሁትን ነው ያወራሁት!» እያለች ከማንም በላይ በላች።

ሰው ከተበተነ በኋላ ቃምሻት ደጅ ተከተለችው።

«አባባ፣ እኔ እኮ ነኝ… ይቅርታ…»

«ዓርብ በማለዳ ነው የምንነሳው» አለ ወደ ፈረሱ እያየ።

«እኔም?»

«ታዲያ በእግርሽ ልትመጪ ነው?»

ዓርብ ቤይሰን ዳማው ላይ ኮርቻውን ጭኖ፣ የብር ልጓሙን አግብቶ ወጣ። ሌላ ፈረስ እንዲይዝ ኑርታስ ለምኖት ነበር፣ እምቢ አለ። ሙሽራ ከአማቷ ኋላ ነው የምትሄደው፣ ስለዚህ ቃምሻት ባዝራዋ ላይ፣ በግራ በኩል ወጥታ፣ ከኋላ ተከተለች። መንገዱ ሁሉ ሰው ነው። ሴቶች አፋቸውን ይይዛሉ፣ ወንዶች ይጠራሉ።

«ቤይሰን! ከሞትክ ወዲህ ጤና እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ብርዱ ብቻ!»

«ማን ሸለተው?»

«እኔው!»

ለፈረሱ ሲል ከሰው ሁሉ ጋር የሚጣላ ሰው፣ አሁን ሲዘበቱበት ልጓም ሳያጠብቅ ያልፋል። ቃምሻት ቆጠረች። በዓሉ ቦታ እስኪደርሱ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ «እኔው» አለ። እያንዳንዷ እሷን ነው የምትወጋት።

መግቢያው ላይ አንድ ፈረስ ነጋዴ፣ ጥርሱ በወርቅ የተሞላ፣ ከቤይሰን ጋር የቆየ ፉክክር ያለው፣ መንገዱን ዘጋባቸው። ዳማውን ዞሮ ዞሮ አየና ከልቡ አዘነ። «እንዲህ ያለ ፈረስ! አንተ አላደረግከውም ቤይሰን፣ አውቅሃለሁ። ያደረገውን ሰው ንገረኝ፣ እንኳን ፈረስ ፍየል አላስነካውም።»

ቤይሰን አፉን ሳይከፍት ቃምሻት ባዝራዋን ኮለኮለች።

«እኛ ነን» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። «እኛ ነን የቆረጥነው።»

ነጋዴው ከሽማግሌው ወደ ሙሽሪቱ፣ ከሙሽሪቱ ወደ ሽማግሌው ተመለከተ።

«ሰማህ?» አለው ቤይሰን። «እኛ ነን። አሁን መንገድ ልቀቅልን።»

ከዚያም የልጓሙን ዛብ ሳብ አድርጎ፣ ባዝራዋ ከዳማው ጎን እስክትደርስ ቆሞ ጠበቃት።